ሥራ የሚለምድ ልጅና ሥራ የሚያስለምድ አጥቢያ

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ የሚወጡበት ወራት ሲቃረብ አንድ ዓይነት ወረቀት በከተማው ይዞራል። በራስጌው የዩኒቨርሲቲው ስም፣ በግርጌው ክብ ማኅተም ያለበት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ነው። ይዞት የሚሄደው ልጅ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ወረቀቱ እንዳይታጠፍበት በፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት በር ወደ ሌላው በር ይመላለሳል። ወላጆቹም ማታ ማታ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም «ነገ ተመለስ ብለውኛል» ይላል። ይህ ንግግር በስንቱ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ እንደሚሰማ ስለምናውቅ፣ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ሥራ ልምምድ፣ ይልቁንም ብዙ ወጣቶች ስለሚመኙት ስለ ፕሮጀክት ሥራ አመራር ልምምድ፣ አገኛኘቱንና አሰጣጡን ጥቂት ለመናገር ወደድን።

«አሰጣጡን» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ማግኘት የሚመክር ሰው ብዙ ነው፤ ስለ መስጠት የሚመክር ግን ጥቂት ነው። ሰጪ ከሌለ ደግሞ ፈላጊው ምንም ያህል ቢመከር ከጥበቃው ቤት አያልፍም። ከሰጪዎቹም ወገን እኛው፣ ማለት በየአጥቢያው የምናሠራው ምእመናን፣ ልንቈጠር እንደሚገባን ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም።

በመጀመሪያ ፕሮጀክት የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንናገር፤ ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ ስለ መጣ ነገሩም ባዕድ የሚመስላቸው አሉና። ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በተወሰነ ገንዘብና በተወሰነ ጊዜ አንድ የታወቀ ነገር ለማድረስ የሚሠራ ሥራ ነው። በሱቅ ተቀምጦ መሸጥ ፕሮጀክት አይባልም፤ ሱቁን መሥራት ግን ፕሮጀክት ነው። አመራሩም ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ ያልቃል፣ ስንት ይፈጃል፣ ምንስ ሊያሰናክለው ይችላል የሚሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ መጠየቅና እስከ ፍጻሜ ድረስ አለመርሳት ነው።

በዚህ ሙያ እናቶቻችን ከማንም የሚያንሱ አይደሉም። ለሠርግ ወይም ለተዝካር የምትደግስ እናት ቀኑን የምትቈጥረው ከድግሱ ወደ ኋላ ነው። ብቅሉ ካልደረሰ ጥንስሱ አይጠነሰስም፤ ጥንስሱ ካልተጠነሰሰ ድፍድፍ የለም፤ ድፍድፍ ከሌለም ጠላው ለእንግዳ አይደርስም። ሽንኩርቱ ግን በዋዜማው ቢከተፍ የሚያውከው ነገር የለም። ከሥራዎች ሁሉ የትኛው ቢዘገይ ሌላውን ሁሉ እንደሚያዘገይ፣ የትኛውስ ቢዘገይ እንደማይጎዳ ለይቶ ማወቅን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዱፖንትና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያ ባለሙያዎች በሒሳብ አዘጋጅተው «ክሪቲካል ፓዝ» የሚባለውን ዘዴ አወጡ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ይህን ነው። ተማሪው በቤቱ ሲደገስ እያየ ያደገ ከሆነ ሐሳቡ አዲስ ሊሆንበት አይገባም።

ከመጻሕፍትም ብንጠይቅ መጽሐፈ ነህምያን እናገኛለን። ነህምያ ከንጉሡ ደብዳቤና የእንጨት ፈቃድ አስቀድሞ ተቀበለ፤ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜም ለማንም ሳይናገር በሌሊት የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ መረመረ፤ ከዚያም በኋላ ሥራው ለየወገኑ ተከፋፈለ፤ ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን አደሱ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። በምዕራፍ 3 ከተዘረዘሩት አሠሪዎች አንዱ ከሴቶች ልጆቹ ጋር እንደ ሠራ ተጽፏል። «ሴት ልጅ ከሕንፃ ሥራ ምን አላት» የሚሉ አባቶች ይህን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነበር።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ሙያው በልምድ እንጂ በትምህርት ብቻ የማይገኝ መሆኑ ነው። ቀጣሪው «ልምድ አለህ?» ይላል፤ ልጁም «ካልተቀጠርሁ ልምዱን ከየት አመጣለሁ?» ይላል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት የሚሰጠውንና በዓለም ሁሉ የታወቀውን ፒኤምፒ የሚባል የምስክር ወረቀት ለመፈተን የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው እንኳ 36 ወር ፕሮጀክት የመራ መሆን ይገባዋል። ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ሲኤፒኤም የተባለው ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስንና የ23 ሰዓት የሙያ ትምህርትን እንጂ የሥራ ልምድን አይጠይቅም። ይህን የምንጠቅሰው ልጆቻቸው «ኮርስ ልግባ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቋቸው ወላጆች የትኛው ለማን እንደ ሆነ እንዲለዩ ብለን ነው። ዳሩ ግን ወረቀቱ ቢገኝም ሥራ ሲሠራ ያላየ ዓይን እንዳላየ ይቀራል።

አሁን በራሳችን የደረሰውን ሳንደብቅ እንናገር። በ2014 ዓ.ም. በአጥቢያችን የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርን። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ከታች ስድስት ክፍል፣ ከላይ አዳራሽ ያለው ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ልጅ ያንን የትብብር ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤውን ተቀብለን አነበብንና «ልጄ፣ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ወደ ተቋራጮቹ ሂድ» ብለን አሰናበትነው። በንግግራችን ክፋት አልነበረበትም፤ ማሰብም ግን አልነበረበትም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዋጋ ይጨምራል ብለን 120 ኩንታል ሲሚንቶ ገዛን። ፌሮው ገና አልመጣም ነበር፤ ስለዚህም አርማታው ሊሞላ አልቻለም። ሲሚንቶውን በመሬት ላይ፣ ከሥሩ እንጨት ሳይረበረብለት፣ ከግድግዳ ጋር አስጠግተን ደረደርነው። ክረምቱ ገባ። በመስከረም ስንከፍተው 47ቱ ከረጢት እንዳለ ደንድኖ ድንጋይ ሆኗል። ሲሚንቶ ከእርጥበት መራቅ እንዳለበት፣ የሚገዛውም ሥራው ሲደርስ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንድ ተማሪ በመካከላችን ቢኖር ኖሮ ይናገር ነበር። ያ ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት በአሥርና በሃምሳ ብር የተለቀመ ነበር። ያን ጊዜ ያሰናበትነው ልጅ ትዝ አለን።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተማሪ የሆነች የአጥቢያችን ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። ኮሚቴው በሐሳብ ተለያየ። ገንዘብ ያዣችን፣ ሸምገል ያሉ ታማኝ ሰው፣ «የቤተ ክርስቲያን ጓዳ ለልጅ አይከፈትም» አሉ። በመጨረሻ በሦስት ነገር ተስማማን፤ ገንዘብ እንዳትነካ፣ ተጠሪነቷ ከኮሚቴው አባል ከሆኑት ጡረታ የወጡ ፎርማን ዘንድ እንዲሆን፣ በየሳምንቱም ቅዳሜ ያየችውን በአንድ ገጽ ጽፋ እንድታነብልን።

በመጀመሪያው ሳምንት ሜትር ይዛ ከመለካትና ከመጠየቅ በቀር ምንም አላደረገችም። በሁለተኛው ቅዳሜ የሥራውን ዝርዝርና ቀኑን በሠንጠረዥ አድርጋ አመጣች። የታችኞቹ ክፍሎች ልስን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊጀመር ታስቦ ነበር። እርስዋ ግን ወደ ብየዳ ቤቱ ሄዳ ጠይቃ ኖሮ፣ የበርና የመስኮት ፍሬም ለመሥራት ስድስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ትእዛዙም ከማናችንም እንዳልተሰጠ ነገረችን። ፍሬም ሳይገባ ከተለሰነ በኋላ ልስኑን መስበር ግድ ነው። ዝም ብለን ተያየን። ሁላችንም አንዱ ሌላው ያዘዘ መስሎን ነበር።

ይልቁንም ያስደነቀን የበዓላቱ ነገር ነው። በመማሪያ መጽሐፉ ሳምንት ማለት አምስት ወይም ስድስት የሥራ ቀን ነው። እርስዋ ግን ሠራተኞቹን ጠይቃ 12ን፣ 21ንና 29ን፣ እሑዶችንም፣ የወሩንም ንግሥ በሠንጠረዡ ላይ በቀይ አቀለመች። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ የላይኛው ማሰሪያ አርማታ ሊሞላ የታሰበበትን ቀን አሳየችን። ሥራው ዓርብ ያልቃል፤ ቅዳሜ 12 ነው፤ ማግስቱም እሑድ ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል፤ ጥንካሬውም ይጎድላል። በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ግን በቦታው ሠራተኛ የለም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በተራ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያጠጡ ሐሳብ አቀረበች። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄደን በጠየቅን ጊዜ ፈገግ ብለው «በሬውን ፈትቶ ውኃ ማጠጣት በሰንበት ካልተከለከለ አርማታውን ማጠጣት ይከለከላል እንዴ?» አሉ።

በአንድ ቅዳሜ ግን ስብሰባው ከበደ። ልጂቱ በግምጃ ቤት ያለውን ፌሮ ቈጥራ ከደረሰኙ ጋር ስታስተያየው 31 ፌሮ ጎደለ። ያን ስታነብ የገንዘብ ያዡ ፊት ተለወጠ፤ ተነሥተውም ወጡ። እርስዋም ተከትላ ወጥታ «አባቴ፣ ማንንም አልከሰስሁም፤ ቈጥሬ ያገኘሁትን ነው የጻፍሁት» አለቻቸው። በሁለተኛው ቀን ነገሩ ተገኘ፤ ፌሮው ለደወል ቤቱ ጥገና ወጥቶ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁላችን ቀድመው መጥተው «ልጄ፣ የተቈጣሁት በአንቺ አይደለም፤ ቈጠራውን ፈርቼ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ገጹን አንብቢ የሚሏት እርሳቸው ሆኑ።

በዲቁና ያደግን ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፤ ከእነርሱም መካከል ንፍቅ ካህንና ንፍቅ ዲያቆን አሉ። ንፍቁ ከዋናው ጎን ይቆማል፤ የራሱ የሆነ ቃልና ተግባር አለው፤ የዋናውን ሥራ በዓይኑ እያየ፣ በጆሮው እየሰማ ይለምዳል። ለንፍቅ ዲያቆን ቤተ ልሔሙን ጠርገህ ሂድ ብቻ የሚለው የለም፤ መቅደሱን ብቻህን ያዝ የሚለውም የለም። ሥራ ለማጅ ማለት በእኛ ዘንድ ንፍቅ ማለት ነው ብንል ብዙ የምንሳሳት አይመስለንም።

ይህን ካልን በኋላ ልምምድ ለሚፈልጉት ልጆች ጥቂት እንንገር። የትብብር ደብዳቤው በር ያንኳኳ እንደ ሆነ እንጂ በር አይከፍትም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ ጨምሩ፤ በእርስዋም ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትመጡ፣ ምን መሥራት እንደምትችሉ፣ የትኛውን የሥራ ክፍል ለማየት እንደምትፈልጉ ጻፉ። «የተገኘውን እሠራለሁ» የሚል ተማሪ ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰጪውን አስብ ብሎ ሸክም ይጨምርበታል። «የሳምንቱን የሥራ መዝገብ ልያዝ፤ በግምጃ ቤት ያለውን ዕቃ ከዕቅዱ ጋር ላስተያይ» የሚል ግን ሥራውን ራሱ አምጥቷል።

የት ልፈልግ ለሚል፣ በየግንባታው አጥር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ ያንብብ። አሠሪው ማን እንደ ሆነ፣ ተቋራጩ ማን እንደ ሆነ፣ አማካሪው ማን እንደ ሆነ ተጽፎበታል፤ በአንድ ታፔላ ላይ ሦስት በር አለ ማለት ነው። ፕሮጀክትም በሕንፃ ብቻ አይወሰንም። የውኃ ጉድጓድ፣ የጤና ጣቢያ፣ የሶፍትዌር ዝርጋታ፣ የእርሻ ልማት ሁሉ ፕሮጀክት ነው። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው በፕሮጀክት መልክ ነው፤ ሌሎች የተራድኦ ድርጅቶችም እንደዚሁ። ከአስተዳደር ክፍሉ ሌላ ሥራውን በእጁ የያዘውን ሰው፣ ማለት የሳይቱን መሐንዲስ ወይም የፕሮጀክቱን አስተባባሪ፣ ፈልጎ ማነጋገር ይጠቅማል፤ እርዳታ የሚያስፈልገው እርሱ ነውና። ፍለጋውም ልምምዱ ከሚጀመርበት ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ይሁን። ገንዘብ ክፈልና ቦታ ላስገኝልህ የሚል ደላላ ቢመጣ ግን መልስ ሳትሰጡ እለፉት።

ወላጆች ዘመድ ስለ መፈለጋችሁ አንነቅፋችሁም። የሚያውቁትን ሰው «ልጄን ተቀበልልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ልጁ አንድ ቀን ሳይገኝ «አራት ወር ተለማምዷል» የሚል ወረቀት ማስመታት ግን በሐሰት መመስከር ነው፤ የሚፈርመውም፣ የሚያስፈርመውም፣ የሚቀበለውም በአንድነት የሚጠየቁበት ነው። ይህ በከተማችን እየበዛ መሄዱን ብንሰማ በዝምታ ማለፍ አልቻልንም።

ከሰጪዎችም በኩል የሚደርሰው በደል አለ። ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዲቱ በአንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት የፕሮጀክት ክፍል አራት ወር ቆየች። ሥራዋ ወረቀት ማባዛትና ሻይ ማዘዝ ነበር። በስብሰባ ቀን በር ላይ ትጠብቅ ነበር እንጂ አልገባችም። ሲያልቅ በሁሉም ረድፍ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ግምገማ ተሰጣት። ከተመረቀች በኋላ ለሥራ ስትፈተን የሥራ ሠሌዳ እንዴት እንደሚወጣ ጠየቋት፤ መመለስ አልቻለችም። ያንን «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን ወረቀት አሳይታን «ጋሼ፣ ይህን ከምቀበል ምንም ባልቀበል ይሻለኝ ነበር» አለችን።

ስለዚህ ልጅ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም ሆነ አጥቢያ ከመቀበሉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ ልጅ ሲሄድ ጀምሮ የጨረሰው ምን ይሆናል? መልሱ ከሌለ ልጁን አለመቀበል ይሻላል። መልሱ ካለ ግን አንድ የሚጠየቅለት ሰው ይሰየም፤ ያ ሰውም በሳምንት አንድ ሰዓት ይስጠው። ልጁ ስብሰባ ይግባ፤ ዝም ብሎ ቢሰማ እንኳ ሰዎች ስለ ዋጋና ስለ ቀን እንዴት እንደሚከራከሩ ያያል፤ ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም። ግንባታ ቦታ ከሆነ ሄልሜትና ቦቲ ይሰጠው። የመመላለሻና የምሳ ገንዘብ ቢያንስ ይታሰብለት፤ የድኻ ልጅ ልምምዱን የሚተወው ሰንፎ ሳይሆን የታክሲ አጥቶ መሆኑን በማስተማር ዘመናችን ብዙ ጊዜ አይተናል። በሰነድ ላይ ግን አይፈርም፤ ገንዘብም አይያዝ፤ ይህ ልጁን ለመጠበቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ስለሚለምድ ሰው በደነገገበት ክፍል የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወራት የሚከፈለው፣ የሥራውም ሁኔታ በውሉ እንዲገለጽ ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በዚህ ዓይነት ውል ባይገባ እንኳ እነዚህን ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም ማንንም አያደኸይም።

«የእኛ አጥቢያ ትንሽ ናት፤ ምን ፕሮጀክት አላት?» የሚል ሰበካ ጉባኤ ይኖር ይሆናል። አጥር የሚያጥር፣ የዘመን መለወጫ ባዛር የሚያዘጋጅ፣ የአብነት ተማሪዎችን ማደሪያ የሚያድስ፣ የንብረት ቈጠራ ያላደረገ አጥቢያ ሁሉ አለው። የምሕንድስና ተማሪ ባይገኝ የሒሳብ ወይም የሥራ አመራር ተማሪ ይበቃል።

ያች ልጃችን በየካቲት ልምምዷን ስትፈጽም የኮሚቴውን ፋይል በቅደም ተከተል አስተካክላ ልታስረክበን ተቀመጠች። ከደረሰኞቹ መካከል አንድ በፕላስቲክ ውስጥ ያለ ደብዳቤ አገኘችና አንብባ «ይህ ተማሪ የት ደረሰ? በዝርዝራችን ውስጥ ስሙ የለም» ብላ ጠየቀችን። በ2014 ዓ.ም. ተቀብለን አንብበን ልጁን ያሰናበትንበት ደብዳቤ ነበር፤ መመለሱን እንኳ ረስተነው ኖሯል። ከግርጌው፣ ከማኅተሙ በታች፣ ስልክ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፎበታል። በዚያው ቀን ደወልን፤ ያነሣው ግን ልጁን የማያውቅ ሌላ ሰው ነበር።